ለክፉውም የመንገድ ጓደኛ ስጡት

እስቲ ዛሬ ከኑሮ ውድነቱም ከፖለቲካውም ትንሽ ዞር እንበልና ስለ አንድ ክፉ ሰው እናውራ። ሰው ስል ሰው እንኳን አይደለም፤ ከሌላ ፕላኔት የመጣ፣ ሁለት ልብ ያለው፣ ሞተ ሲሉት መልኩን ቀይሮ ብድግ የሚል ፍጡር ነው። ስሙ ማስተር ይባላል። "ዶክተር ሁ" የተባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም የምታዩ በደንብ ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም አትሂዱብኝ፤ ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ።

ዶክተር ሁ በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ነው። እስከ 1989 ታየ፣ ተቋረጠ፣ በ2005 ደግሞ ተመለሰ። ነገሩ ቀላል ነው። ዶክተር የሚባለው አክተር ታርዲስ የምትባል መርከብ አለችው። ከውጭ ስትታይ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ናት፤ ውስጧ ሲገባ ግን ከአዳራሽ ይሰፋል። በእሷ ጊዜንም ጠፈርንም እንደልቡ ያቋርጣል። ብቻውን ግን እምብዛም አይጓዝም። ከጎኑ ሰው አይጠፋም፤ አንዴ የታሪክ አስተማሪ፣ አንዴ የሱቅ ሠራተኛ፣ አንዴ የሕክምና ተማሪ። እንደኔና እንደናንተ ያለ ተራ ሰው።

ማስተር ደግሞ የዶክተሩ የድሮ ጓደኛ፣ የአሁን ጠላት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን የተጫወተው ሮጀር ዴልጋዶ ነበር። ማስተርም ታርዲስ አለው። እሱም ዘመን ያቋርጣል። ብልህ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ አለባበሱማ ምን አለፋችሁ! የዶክተሩ ያለው ሁሉ አለው ማለት ይቻላል። የመንገድ ጓደኛ ግን የለውም።

ሊኖረው ይገባል ወይ? ይሄ ነው የዛሬው ጥያቄ። የኔ መልስ አዎ ነው፣ ያውም በደንብ። ግን ጓደኛ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ መጀመሪያ እንግባባ።

በፊልም የምናያቸው ክፉዎች ዙሪያቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አጃቢ አላቸው፣ ሎሌ አላቸው፣ ግብረ አበር አላቸው። "ግደል" ሲባል የሚገድል፣ "ያዘው" ሲባል የሚይዝ፣ አክተሩ በአንድ ቡጢ የሚዘርረው ዓይነት። እነዚህ ጓደኛ አይደሉም። የመንገድ ጓደኛ ማለት "ወዴት ነው የምንሄደው?" ብሎ የሚጠይቅ ነው። ነገሩ ካላማረው ደግሞ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ!" ማለት የሚችል ነው። ወራጅ አለ ማለት የማይችል ሰው ጓደኛ ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ተጭኖ ነው የሚሄደው።

የዶክተሩ ጓደኞች ለምን እንደሚጠቅሙ ለማየት ወደ መጀመሪያው ታሪክ፣ ወደ 1963ቱ፣ እንመለስ። የዛን ጊዜው ዶክተር ዛሬ የምናውቀው ጀግና አልነበረም። በዊሊያም ሃርትኔል የተጫወተው ሽማግሌ ነጭናጫ፣ ራሱን ወዳድ፣ ሰው የማያምን ነበር። በዋሻ ሰዎች ዘመን ጫካ ውስጥ ሲሸሹ፣ ከሚያሳድዷቸው አንዱ ይቆስላል። አብረውት ያሉት አስተማሪዎች ቁስለኛውን ካልረዳን ይላሉ። ሽማግሌው ግን ጉዞውን ያዘገየበት ያ ቁስለኛ ነው። እና ምን ያደርጋል? ድንጋይ ያነሳል። አስተማሪው ኢያን እጁን ለቀም አድርጎ ይይዘዋል። ምን ልታደርግ ነው ሲለው "ካርታ እንዲስልልኝ ነው" ዓይነት ሰበብ ይደረድራል። ማን ያምነዋል!

እኔ ይቺን ትዕይንት እወዳታለሁ። ከስልሳ ዓመት በላይ ልጆች የሚያደንቁት ጀግና ከአንድ ነፍስ ግድያ ያመለጠው አንድ ተራ የትምህርት ቤት መምህር እጁን ስለያዘው ነው። እጁን የሚይዘው ባይኖርስ? ያኔ ሌላ ማስተር ነበር የምናየው። ከዚህ ተነስቼ ነው የማስተርን ነገር የማየው። ለማስተር እጁን የሚይዘው ሰው መጥቶ አያውቅም። መጥቶ ከሆነም ደራሲዎቹ በቶሎ አስወጥተውታል።

በተለይ እ.ኤ.አ. በ2007 የሠሩት ያንገበግበኛል። በሦስት ተከታታይ ክፍሎች ውስጥ ለማስተር ሁለት ጓደኛ ሰጡት። የመጀመሪያዋ ቻንቶ ናት። ማስተር ማንነቱን ረስቶ፣ ያና የሚባል ደግ ሽማግሌ ሳይንቲስት ሆኖ በሚኖርበት ጊዜ ረዳቱ የነበረች፣ ውስጥ ውስጡን የምትወደው ፍጡር። ትዝታው የተመለሰለት ዕለት ገደላት። እሷም ነፍሷ ሳትወጣ ተኮሰችበት። ሁለተኛዋ ሚስቱ ሉሲ ሳክሰን ናት። እሷም በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ተኩሳ ጣለችው። ሁለት ጓደኛ፣ ሁለት ጥይት። ለነገሩ ይሄ ራሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

ሉሲ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የባከነችው እሷ ናት። ማስተር ሃሮልድ ሳክሰን የሚል ስም ይዞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። ሉሲ የደህና ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ተገድዳ አይደለም ያገባችው። እና ልክ ዶክተሩ እንደሚያደርገው በታርዲስ ወሰዳት። ዶክተሩ ሰው ሲወስድ የሚያሳየው የሚያስደምም ነገር ነው፤ "ዓለም እንዲህ ሰፊ ናት ለካ!" ብለው እንዲመለሱ። ማስተር ሉሲን የወሰዳት ወደ ጽንፈ ዓለሙ ማብቂያ ነው። ሁሉ ነገር ሲሞት፣ ከዋክብት ሲጠፉ፣ የሰው ዘር መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን አሳያት። ሉሲም ሁሉም ከንቱ ነው ብላ ደመደመች። ሁሉም ከንቱ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ስድስት መቶ ሚሊዮን ሰው ቢያልቅ ምን አለበት? ባሏ ጎን ቆማ ጭፍጨፋው ሲጀመር በሙዚቃ ተወዛወዘች።

እንዴ! ይሄ እኮ ትልቅ ታሪክ ነው። ተመሳሳይ መርከብ፣ ተመሳሳይ ጉዞ፣ ተቃራኒ ውጤት። አንዱ ጓደኛውን ተስፋ ሊያስታጥቃት ይወስዳታል፣ ሌላው ተስፋዋን ሊገድል። ታዲያ ደራሲዎቹ ይሄን ጉዞ አሳዩን? አላሳዩንም። ሉሲ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ተናገረችው፣ አለፈ። እኔ ማየት የምፈልገው ግን እሱን ነበር። ከመርከቧ ስትወርድ ፊቷ ምን ይመስላል? ወደ ቤቴ መልሰኝ ብላለች? ብላ ከነበረስ፣ ምን ብሎ አሳመናት? ከዚያ በኋላ የምናያት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዓይኗ ሥር በልዞ፣ ድምጿ ጠፍቶ ነው። መሃሉ የለም።

መሃሉ ነው ደግሞ ቁም ነገሩ። አንድ መሥሪያ ቤት የማውቀው አለቃ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ሰው በቀልድ የማዋረድ ተሰጥኦ ያለው። የትም የሚሄደው አንዲት ወጣት ረዳቱን አስከትሎ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እሱ ሰው ሲያዋርድ አንገቷን ትደፋ ነበር። ቆይታ ፈገግ ማለት ጀመረች። በስተመጨረሻ እሱ ቀልዱን ሳይጨርስ እሷ መሳቅ ትጀምራለች። ክፉ ልጅ እኮ አልነበረችም። ከአንገት መድፋት ወደ ሳቅ የተሻገረችበትን ቀን ግን ማንም አላየውም፤ ምናልባት እሷም። የማስተር ጓደኛ ታሪክ በደንብ ቢሠራ የሚያሳየን ያቺን ቀን ነው። ባዕድ ፍጡር ምድርን ሊያጠፋ ሲመጣ እኛን ብዙም አይመለከተንም፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ለኛ ብቻ ደግ የሆነ ሰው "ነይ እንሂድ" ሲል ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው።

"ማስተር ጓደኛ ካገኘ ክፋቱ ይለዝባል፣ ታሪኩም ይሞታል" የሚል ሰው አይጠፋም። በ2017 የታየውን ቢል ፖትስ የምትባል ልጅ ያለችበትን ታሪክ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ቢል የዶክተሩ ጓደኛ ናት። ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ በቆመች ግዙፍ መርከብ ውስጥ ትቆስልና ወደ ታችኛው ወለል ትወሰዳለች። ጊዜ እላይና እታች እኩል አይሄድም፤ ለዶክተሩ እላይ ደቂቃዎች ሲያልፉ ለእሷ እታች ዓመታት ያልፋሉ። እዛ ሬዘር የሚባል የተጎሳቆለ፣ አነጋገሩ የሚያስቅ ሰው ያስጠጋታል። ሻይ ያፈላላታል። አብረው ቁጭ ብለው በስክሪን ዶክተሩን ያዩታል፤ ጊዜው ስለሚለያይ ቅንድቡን እስኪያነሳ ድረስ ዘመን ይፈጃል፣ እነሱም ይሳሳቃሉ። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ላይ ላድርስሽ ብሎ ይዟት ይሄዳል፤ ያደረሳት ግን ሰውን ወደ ማሽን ወደሚቀይሩት ሐኪሞች ነው። ሳይበርማን አደረጓት። ሬዘር ጭምብሉን ሲያወልቅ ማስተር ነው!

ያን ክፍል ካየሁ ጀምሮ ማስተርን የበለጠ ነው የምፈራው። ለምን? ዓመታት ሙሉ ሻይ ሲያፈላ ስላየሁት። ጓደኝነት አላለዘበውም፤ የክህደቱን ልክ ነው ያሳየን። ያለ ቢል ያ ትዕይንት አንድ ተራ ተንኮል ይሆን ነበር።

የሚያሳስበኝ ሌላ ተቃውሞ ነው፤ እሱን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ጆከርንና ሃርሊ ክዊንን ታውቋቸዋላችሁ። ሃርሊ እ.ኤ.አ. በ1992 በባትማን ካርቱን ነው የመጣችው። በታሪኩ ጆከርን ልታክም የገባች የአእምሮ ሐኪም ነበረች፤ አሞኝቶ የራሱ አደረጋት። ይመታታል፣ ይጥላታል፣ ይረሳታል። ታዲያ ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ ብትፈልጉ ሁለቱ ተቃቅፈው "ፍቅር እንደነሱ" ምናምን እየተባለ ታገኛላችሁ። ጥንዶች ለፎቶ እንደነሱ ይለብሳሉ። ክፉውን ጓደኛ ስትሰጠው የሚሆነው ይሄ ነው የሚል ሰው እውነት አለው። ታኖስም በ2018ቱ ፊልም ያሳደጋትን ጋሞራን ከገደል ሲወረውራት አልቅሷል፣ እኛም ለእሱ አዝነናል። ለገዳዩ!

ይሄ የሚመጣው ግን ካሜራው ሁሌ ክፉው ትከሻ ላይ ስለሚቀመጥ ይመስለኛል። ሃርሊ ራሷ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ፊልም ከጆከር ከተለያየች በኋላ ታሪኩን የምትነግረን እሷ ናት። ያን ፊልም አይቶ ጆከርን የናፈቀ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። የማስተርም ጓደኛ ስትመጣ እኛ እሷ ጎን እንቀመጥ። እሷ ስትስቅ እንሳቅ፣ እሷ ስትጠራጠር እንጠራጠር። በሩ ደግሞ አይቆለፍባት፤ "ወራጅ አለ" ማለት እየቻለች ለምን እንዳላለች እንይ። እባካችሁ ደግሞ የሰውየውን ክፋት ለማሳየት ብቻ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ አትግደሏት። ክፉ መሆኑን ከ1971 ጀምሮ እናውቃለን።

ደግሞ ማስተር ፈጽሞ አይለወጥም ማለትም አይቻልም። ሚሼል ጎሜዝ የተጫወተቻት ሴቷ ማስተር፣ ሚሲ፣ ዶክተሩ ዘግቶ ባኖራት ክፍል ፒያኖ እየተጫወተች፣ ከእሱ ጋር እያወራች ቆየች። በዚያው በቢል ታሪክ መጨረሻ ላይ ከዶክተሩ ጎን ልትቆም ወሰነች። የገደላት ማን መሰላችሁ? የቀድሞው ራሷ! ያው ሬዘር የነበረው። ከጀርባ ተኮሰባት፤ ዶክተሩም ወደ እሱ ልትመለስ እንደነበር ሳያውቅ ቀረ። ይሄን ሳይ ታዲያ፣ ያን ያህል የለወጣት ጠላቷ አጠገቧ ስለተቀመጠ ነው፤ ጠላት ያልሆነ ሰው ቢቀመጥስ ኖሮ እላለሁ።

መንገዱም እንደሆነ ክፍት ነው። በዲሴምበር 2023 በታየው ክፍል ማስተር በቁማር ተሸንፎ በአንድ የወርቅ ጥርስ ውስጥ ታሽጎ እንደቀረ ሰምተናል። በክፍሉ መጨረሻ ጥርሱ መሬት ላይ ወድቋል። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች እጅ ትመጣና ታነሳዋለች። ፊቷን አላሳዩንም። ሎሌ ሆና እንዳትመጣብን እንጂ፣ ለአንድ ሙሉ ሲዝን የሚበቃ ታሪክ እዛች እጅ ላይ አለ።