«ቦካ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ለመሆኑ ጭቃ ይቦካል? አዎን፣ ይቦካል። ሊጥም ይቦካል። ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጭቃ ቦካ የሚባለው በውኃ ስለ ታሸ ነው። ሊጥ ግን አሽተነው ትተነው ብንሄድም ሥራው አይቆምም፤ ኩፍ ይላል፣ ይኮመጥጣል። በኬሚስትሪ «ቦካ» የሚባለው ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሠሪዎቹም በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን ሲሆኑ፣ ስኳሩን ያለ ኦክሲጅን ወደ አሲድ ወይም ወደ አልኮልና ጋዝ ይለውጡታል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቃሉን ያወጡት በዓይናቸው ካዩት ነው። «ፈርመንት» የመጣው ከላቲኑ «ፈርቬሬ» ሲሆን ትርጉሙ «ፈላ» ማለት ነው፤ አረፋው የሚፈላ ነገር ይመስላላ! እሳት ግን የለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1857 ወተት የሚያኮመጥጠው ሕያው ነገር መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ የእኛ ቃል ማሸቱን፣ የእነሱ ደግሞ አረፋውን ያሳያል እንጂ ሁለቱም ምክንያቱን አይናገሩም። ምክንያቱን መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው።

ነገ ሬኮ ብንመደብ የምናስተምረው ልጅ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚከርም ያውቃል። የታጠበ ቡናም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ዝልግልጉ እስኪለቅ ገንዳ ውስጥ ይቆያል። ታዲያ ልጁ «ቡናውን ማንም አላሸው፣ ኩፍም አላለ፤ እንዴት ቦካ ይባላል?» ቢለን እውነቱን እኮ ነው! መልሳችን መሆን ያለበት «ሠሪዎቹን ተመልከት» ነው።

አንዳንዶቻችን «ከፍ ሲሉ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ «ፈርመንቴሽን»ን ከወዲሁ ይሸምድዱት» እንላለን። በበኩሌ አልስማማም። አማርኛውን ብቻ ነግሮ መውጣትም ግማሽ መንገድ ነው፤ የብዙዎቹ ልጆች የቤት ቋንቋ ጌዴኡፋ ነውና። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እናሳያቸው፤ ቀጥለን በቤታቸው ምን እንደሚሉት እንጠይቃቸው፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ቡና በገንዳው ውስጥ ከልክ በላይ ከቆየ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ቃሉን ብቻ የሸመደደ ልጅ ፈተና ያልፍ ይሆናል እንጂ፣ የቤተሰቡ ቡና ለምን እንደ ተበላሸ ማስረዳት አይችልም። በዚህ የማይስማማ ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና እንከራከር!