«አረፍ በል» እንጂ «አርፈህ ተቀመጥ» አይደለም

በአማርኛ «አረፈ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብን ሞት ነው። «እገሌ አረፈ» ከተባልን ለቅሶ ቤቱን ነው የምንጠይቀው። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጣ ነው፦ «አርፈህ ተቀመጥ!» ሆጤ ያደገ ልጅ ይህቺን ከአባቱም ከአስተማሪውም፣ ዱላ ከያዘ ሁሉ ሰምቷታል። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። እንግዳ በር ላይ ሲቆም የወሎ እናት «አረፍ በል ልጄ» ትላለች። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳጠፋ ሳትጠይቅ።

ክርክሬ አጭር ነው። ክርስቶስ የደከማቸውን ሲጠራ ያላቸው ሦስተኛውን ነው። እኛ ዛሬ በስሙ የምንሰብከው ግን ሁለተኛውን ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አሠሪዎቼ ውጭ አገር ስለሆኑ የእኔ ሌሊት የእነሱ ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ለሳምንታት እንቅልፍ አጣሁ። ስልኬ ባይጠራም የጠራ ይመስለኛል። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቲክቶክ ስከፍት አንድ ሰባኪ «የምትጨነቀው እምነትህ ስለጎደለ ነው» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ሁለት ሸክም ነበረኝ፤ ኮዱና ጭንቀቱ። ሦስተኛ ጨመረልኝ፦ በመጨነቄ መሸማቀቅ። እግዜር ይስጠው!

ይህ ስብከት ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። ነቢዩ ኤልያስ በረሃ ላይ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ስለ እምነት ማነስ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻ አበላው፣ ውሃ አጠጣው። ኤልያስ መልሶ ተኛ፤ መልአኩም መልሶ መጥቶ አበላው። በጌቴሴማኒ ደግሞ ጌታ ራሱ ተጨንቋል፤ ጭንቀቱንም ከወዳጆቹ አልደበቀም። ታዲያ እኔ የሆጤው ልጅ ከእሱ በልጬ ነው የማልጨነቀው?

ነገሩ የእኔ እንቅልፍ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የቻለ ሸሸ፣ ያልቻለ ቀረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፎ ነበር። ዛሬም በር ጠንከር ተደርጎ ሲንኳኳ የሚደነግጡ ልጆች አሉን። ለእነሱ «እመኑ፣ ይረሳል» ማለት ያው «አርፈህ ተቀመጥ» ነው፤ በጥቅስ ተጠቅልሎ።

ሰባኪዎቻችን የሚዘሏት ነገር አለች። ማቴዎስ ምዕራፍ 11 ላይ ክርስቶስ እረፍት እንደሚሰጥ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ቀንበሩን እንድንሸከም ይጠይቃል። ይህ ለብዙ ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ ኖሯል። «ደክሞኛል» ለሚል ሰው ቀንበር? ገበሬ አያት ያለው ግን ይገባዋል። ቀንበር የሁለት በሬ ነው፤ እርሻ ላይ አንዱ ብቻውን አይጠመድም። እረፍቱ ሥራ ማቆም ብቻ ሳይሆን ብቻህን መጎተት ማቆም ነው። እኔ ተጠምጄበት የነበረው ቀንበር «ካልሠራህ ዋጋ የለህም» የሚለው ነበር። ከጎኔ ማንም አልነበረም።

ደግሞም ይህ እረፍት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ዋጋም ተከፍሎበታል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ1400 እ.ኤ.አ. ግድም፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በግዞት የቆዩት እዚያ ነው። ጥፋታቸው ከእሁድ ጋር ቅዳሜንም እናከብራለን ማለታቸው ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች በዚህ አቋማቸው ብዙ ተገፍተዋል። በመጨረሻ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለ ቅዳሜ ሥርዓት ልከራከር አይደለም የመጣሁት። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፤ እነሱ ለእረፍት ቀን ተጋዙ፣ እኔ እሁዴን ለአንድ ዴድላይን በነፃ ሰጠሁ።

«አንተማ ላፕቶፕህን ትዘጋለህ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የምትገባዋ ልጅስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ኦሪት ዘዳግምን ክፈቱ። ሰንበት ሲታዘዝ ምክንያቱ ተጽፏል፦ አገልጋዩና አገልጋይቱ ልክ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ። መጻተኛው፣ በሬውና አህያው እንኳ አልቀሩም። ሰንበት ከጌቶች ምቾት በፊት የሠራተኛ መብት ነው። ስለዚህ ስለ እረፍት የሚሰብክ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እኔ ሳርፍ ማን እየሠራልኝ ነው?» ብሎ ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርኩት ቤቴ ውስጥ ነው። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፕ ላልከፍት ወሰንኩ። በመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሶፋው ላይ ተዘረርኩና «ቡና የለም እንዴ?» አልኩ። እህቴ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አላረፈም። ምንም ሳትል ከሰሉን ማራገብ ጀመረች። ያን ጊዜ የእኔ ሰንበት በእሷ ጀርባ ላይ እንደተቀመጠ አየሁ። አሁን የእሁዱን ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን መጀመሪያ «ወንድ ያፈላው ቡና!» ብላ ሳቀች፤ ዛሬ ግን በረካውን ሳትጠጣ አትነሳም።

እንቅልፌ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪም ጋም ሄጃለሁ፤ እምነቴ ጎድሎ አይደለም፣ ኤልያስም እንጎቻውን አልመለሰም። የተለወጠው ይህ ነው፦ ሳልሠራ በምቀመጥበት ቀንም የሚወደኝ እንዳለ አምናለሁ። አንዳንድ ሌሊት ይህቺ ብቻ ትበቃለች፣ አንዳንድ ሌሊት አትበቃም። ግን ሰኞ ላፕቶፑን ስከፍት ብቻዬን አልጎትትም።

እናንተ ሰባኪዎች ሆይ፣ የደከመው ሰው በራችሁ ላይ ቆሟል። እምነቱን በሚዛን ላይ አታስቀምጡበት። ጥያቄው፣ ንስሐው፣ ትምህርቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ወንበር ስጡት፤ አረፍ ይበል።