የፍሳሽ ውሃ ምርመራ ለደብረ ሲና ይጠቅማልን?

ስለ ፍሳሽ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ የሚያስጸይፍ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ሐኪም የሕመምተኛውን ሰገራ በዕቃ ተቀብሎ ሲመረምር ማንም አይጸየፍም፤ በሽታው የሚታወቀው በዚያ ነውና። እንግዲህ የአንድ ሰው ሰገራ የአንዱን ሰው ሕመም የሚገልጽ ከሆነ፣ የአንድ ከተማ ፍሳሽም የከተማውን ሕመም ሊገልጽ ይችላል። ይህን ዘዴ ሌሎች አገሮች ከያዙት ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በአገራችንም ተጀምሯል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ዘዴው ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን የፍሳሽ ቧንቧ ለሌላት ለደብረ ሲናም የሚያስፈልግ መሆኑን ነው።

የአሠራሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የኮሌራ፣ የአንጀት ተስቦና የልጅነት ልምሻ ወይም የፖሊዮ ተሐዋስያን ከሰው ሆድ በሰገራ ይወጣሉ። የሚወጡትም ከታመመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ምንም ሕመም ሳይሰማው ተሐዋሲውን ይዞ ከሚዞረውም ነው። በፖሊዮ ከተያዙ 200 ሰዎች መካከል ሽባ የሚሆነው አንድ ሰው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ እግር ሲልፈሰፈስ አይተን «በሽታ ገባ» ስንል፣ በሽታው ከገባ ቆይቶ ብዙ ልጆችን አዳርሷል ማለት ነው። ሐኪም ቤት የሚያየው ወደ እርሱ የመጣውን ብቻ ነው። ከእኛ መካከል ደግሞ ሆዱን ሲያመው ነጭ ሽንኩርት በልቶ ወይም ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ዝም የሚለው ብዙ ነው። ይህ ሰው በሐኪም ቤት መዝገብ አይገኝም፤ በፍሳሹ ውስጥ ግን ይገኛል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር ብሬንዳን ሙር የተባለ ሐኪም፣ ፓራታይፎይድ የሚባለውን ትኩሳት የሚያዛምቱ ሰዎችን ለማግኘት የሻሽ ቁራጭ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ አንጠልጥሎ ማቆየትና ሻሹን በላቦራቶሪ መመርመር እንደሚቻል የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በእስራኤል አገር በፍሳሽ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ ሲገኝ፣ ሽባ የሆነ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። መንግሥቱ ግን ሽባ እስኪታይ ሳይጠብቅ በአፍ የሚሰጠውን ክትባት ለሕፃናት አደለ፤ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን ነገሩ በረደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በኔዘርላንድ በአመርስፎርት ከተማ የኮሮና ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ የተገኘው፣ በከተማው የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከመነገራቸው 6 ቀን ቀድሞ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር በተግባር ሲውል ይህን ይመስላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል 10 ሰዎች በፖሊዮ ታመው ተገኝተው ነበር። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆንዋ ተመሰከረ። ይሁን እንጂ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሌላ ዓይነት ፖሊዮ ታይቷል። ይኸውም በአፍ በሚሰጠው ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት ሥፍራ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ጠባዩን በመለወጥ እንደገና ጎጂ የሚሆንበት ነው። መድኃኒቱ ክትባቱን መሸሽ ሳይሆን አንድም ልጅ ሳይቀር ማስከተብ ነው። እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከታተል በአዲስ አበባ የፍሳሽ ናሙና እየተቀዳ ይመረመራል፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የፖሊዮ ላቦራቶሪ አለው። ኮሌራም ቢሆን በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በባሌ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል።

«ይህ ሁሉ ለደብረ ሲና ምኗ ነው?» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ በመንገዱ ላይ ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣርማ በር ሥር የተቀመጠች ናት። መንገደኛው ከአውቶቡስ ወርዶ ቆሎ ይገዛል፣ ምሳ ይበላል፣ ሽንት ቤት ይገባል፣ ይሄዳል። በሽታም እንደ መንገደኛው ሳይሰናበተን መጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ እኛ ዘንድ የጣለውን ግን የምናውቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከጣርማ በር በምዕራብ በኩል ያለው ውሃ ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ የእኛው ግን በምሥራቅ በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላና ወደ አዋሽ ይወርዳል። ገደሉን ተከትሎ የሚወርደው ውሃ የታችኛው አገር ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት፣ ከብቱን የሚያጠጣበት ነው። ስለዚህ የእኛን ፍሳሽ ማወቅ ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቶቻችንም ያለብን ግዴታ ነው።

በከተማችን ፍሳሹን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ቧንቧ የለም፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ይህ ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም። ፖሊዮን የሚከታተሉ ባለሙያዎች ቧንቧ በሌለበት ከተማ ናሙናቸውን ከክፍት ቦይና ፍሳሽ ከሚገባበት ጅረት ይቀዳሉ። ናሙናው በማለዳ ይቀዳል፤ 1 ሊትር ያህል ይበቃል፤ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ሳይሞቅ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። እኛም ከመኪና ማቆሚያው በታች ካለው ቦይ፣ ከሐኪም ቤቱና ከትምህርት ቤቱ ሽንት ቤቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ናሙና ቢወሰድ ብዙ እንማራለን። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ፍሳሹን ስለሚያቀጥነው ተሐዋሲው አልተገኘም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከእኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው፤ በዚያም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተጠራ የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። ዩኒቨርሲቲው ምርመራውን፣ ወረዳው ናሙና የሚቀዳውን ባለሙያ ቢችሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል። ተማሪ ግን ፍሳሹን አይንካ፤ ይህ ጓንት ለብሶ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የእኛ የሳይንስ ክበብ የዝናቡን መጠን በየቀኑ ለክቶ መዝግቦ ቢሰጥ ይበቃዋል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይኖራሉ። የመጀመሪያዎቹ «ገንዘቡ ንጹሕ ውሃና ሽንት ቤት መሥሪያ ቢሆን አይሻልምን?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ምርመራ ብቻውን ማንንም አይፈውስም፣ ንጹሕ ውሃንም አይተካም። ዳሩ ግን ያለችን ገንዘብ ትንሽ በመሆንዋ፣ የትኛው ሰፈር ሽንት ቤት እንደሚቀድም፣ የትኛው ምንጭ ክሎሪን እንደሚያስፈልገው የሚነግረን ያስፈልጋል። በጨለማ ገንዘብ መበተን ለድኻ አይሆንም።

ሁለተኞቹ «የቤታችን ገመና ሊወጣ ነው» ብለው ይሠጋሉ። ይህም ሥጋት ቀላል አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የሙር ዘዴ ቦዩን ወደ ላይ እየተከተሉ እስከ ተሸካሚው ሰው መድረስ የሚያስችል ነበር። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ «ኮሌራ የተገኘበት ግቢ» የተባለ ቤት ሰው አይገባበትም፣ ልጆቹም በትምህርት ቤት ይሸሻሉ። ስለዚህ ናሙናው ብዙ ቤቶች ከሚገናኙበት ቦታ እንጂ ከአንድ ግቢ እንዳይቀዳ ከመጀመሪያው በደንብ ይጻፍ። እንዲህ ከተደረገ የፍሳሽ ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ገመናን የሚሸፍን ነው፤ በፍሳሽ ላይ የማንም ስም አልተጻፈምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውጤቱ ለሕዝብ መነገሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጭምር ሰው የታመመበትን በሽታ «አተት» ስንል ከርመን ነበር፤ ኮሌራ የሚለው ስም ከአፍ አይወጣም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለከተማና ለመንግሥትም የተነገረ ይመስለኛል። በመሳቢያ ተቆልፎበት ከሚቀር ውጤት ጨርሶ አለመመርመር ይሻላል፤ ገንዘቡ አይባክንምና። ውጤቱ በገበያ ቀን በቅዳሴና በስግደት መውጫ ይነገር፤ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል በየቤቱ ይድረስ፤ «ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ» የሚለው ምክርም ከነምክንያቱ አብሮ ይሂድ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምክሩን ይሰማል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እናንተም የክፍል ጓደኞቼ! ከእኛ መካከል ሐኪምና ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና መሐንዲስ ለመሆን የሚመኙ ብዙ ናቸው። እስከዚያው ግን ወላጆች በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ እንድታነሡ፣ መምህራንም ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እንድትጽፉልን እለምናለሁ። ከቦያችን የሚወርደው ውሃ በየቀኑ አንድ ነገር ተሸክሞ በፊታችን ያልፋል፤ ምን እንደ ተሸከመ ሰው ከመታመሙ በፊት እንጠይቀው።