«ራጁ ጥሩ ነው»

ናይሮቢ ውስጥ የዳሌ መገጣጠሚያዋን ያስቀየረች ሐበሻ በስንት ሰው እጅ እንደታከመች አሳምራ ታውቃለች። የማኅበሯ ሴቶች፣ የዕቁብ ጓደኞቿ፣ የኢስሊ ሰፈር ነጋዴዎች፣ ከአሜሪካ የላከ የአጎት ልጅ፣ «ሀራምቤ» ብለው በኤምፔሳ ያዋጡላት ኬንያውያን ጎረቤቶች፣ ሁሉም ስማቸው ከነመጠኑ በዋትስአፕ ተለጥፏል። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ሲያልቅ «ተመስገን» ይባልና ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ስድስት ወር ሞልቷት ማታቱ (ሚኒባስ) ላይ ለመውጣት እግሯን ባነሳች ቁጥር ብሽሽቷን የሚወጋት ከሆነ ግን ለማን ትናገር? «አሁንም ያመኛል» ማለት የሰውን ገንዘብ ከንቱ አድርጎ እንደመመለስ ይሆንባታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። ውለታ አፍ ያስይዛል።

ዝምታዋን የሚያትመው ደግሞ ሐኪሙ ነው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰክቶ «ራጁ ጥሩ ነው» ይላል። እኔ የምከራከረው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ሐሰት አይደለችም፤ ብረቱ ቦታውን ይዟል፣ አጥንቱም አልተሰበረም ማለት ነው። ስለ ብረቱ ጤንነት የተሰጠ ምስክርነት ግን ስለ ሴትየዋ እንደተሰጠ ተቆጥሮ ካርዷ ይዘጋል። ራጅ ጅማትን አጥርቶ አያሳይም፣ ነርቭንም አያሳይም፣ ቀስ ብሎ የሚያመረቅዝ ኢንፌክሽንን መጀመሪያ ላይ ሊስተው ይችላል። እግር ሲነሳ ብሽሽት ላይ የሚወጋው አዲሱ የዳሌ ጽዋ (የጭኑ ራስ የሚገባበት ሰው ሠራሽ ጎድጓዳ) ጫፍ ላይ የሚፈገፈግ ጅማት ሊሆን ይችላል። ከወንበር ተነስተው የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ጭን የሚያሳምመው ብረቱ መላላት ስለጀመረ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ጥፋተኛው ወገብ ነው፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም ዳሌው ብቻውን አልነበረም። ይህን ለመለየት የታማሚዋን አረማመድ ማየት፣ የደም ምርመራ ማዘዝ፣ ካስፈለገም ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ መቅዳት ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት ግን «የት ነው የሚያምሽ? መቼ?» ብሎ መልሷን እስክትጨርስ መስማት ነው።

የቀዶ ሕክምናውን ክብር ለመንካት አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መልክ ያስያዘው ይህ ሥራ ስንቱን ከአልጋ አስነስቷል። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2007 ያወጣው ጽሑፍ «የክፍለ ዘመኑ ቀዶ ሕክምና» ሲል አሞካሽቶታል። ይሁንና በ2012 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ዳሌያቸውን ካስቀየሩት መካከል ከ7 እስከ 23 በመቶ የሚሆኑት ለረጅም ጊዜ ሕመም እንደማይለቃቸው አሳይቷል። ከአሥር አንድ ወይም ሁለት ሰው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መዝገብም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሕመምን በራሱ ስም መዝግቦታል። ስም ያለውን በሽታ «ምንም የለብሽም» ብሎ ማሰናበት ምን ይባላል? ከሁሉ የሚከፋው ሕመሙ ላይለቃት እንደሚችል ከመፈረሟ በፊት አለመነገሩ ነው።

ሐኪም ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው ይባላል። እውነት ነው። ኬንያታ ሆስፒታል ደጅ የዋለ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን እንግሊዝ አገር በጉልበት ቅየራ ላይ ተሠርቶ ውጤቱ በ2022 የታተመ ጥናት በሦስተኛው ወር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አንድ ጊዜ በደንብ መርምሮ ወደሚያስፈልጋቸው ክፍል ላካቸው፤ ከዚያ በስልክ ተከታተላቸው። ለውጡ ተአምር ባይሆንም ሕመማቸው ቀንሷል። ሰው ጎመን ሳይቀር በስልክ ከፍሎ በሚገዛበት በናይሮቢ ለአንዲት ታማሚ መደወል ከአቅም በላይ ነው የሚለኝን አልሰማውም።

ሕመም የማስታገስ እውቀት በከተማው የለም እንዳይባልም፣ ናይሮቢ ሆስፒስ ከ1990 ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ለካንሰርና ለማይድን በሽታ ነው። ሕመም ክብር የሚያገኘው ሞት አጠገቡ ሲቆም ብቻ ነው?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ስዋሂሊው «ቩሚሊያ» ይላል፣ እኛ «ቻል አድርጊው» እንላለን፤ በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ «ለእኔ አትንገሪኝ» ነው። መቻል ሲያቅታት ወደ ኬሚስት ሄዳ ያለ ማዘዣ ዳይክሎፌናክ ትገዛለች፣ ወራት ሙሉ በየቀኑ ትውጠዋለች፤ ጨጓራዋና ኩላሊቷ የሚከፍሉትን ማንም አይቆጥርም። ወይ «እጁ መድኃኒት ነው» የተባለ ወጌሻ ይጠራላታል። ወጌሻን አልንቅም፣ ወለምታዬን ያሸልኝ ወጌሻ ነው። የተቀየረ ዳሌን ጠምዝዞ ማሸት ግን መገጣጠሚያውን ሊያወልቀው ይችላል።

እርግጥ ምክንያቱ ቢፈለግም የማይገኝለት ሕመም አለ። ሥርዓተ ነርቭ ከረጅም ስቃይ በኋላ ማንቂያ ደወሉን ማጥፋት ይረሳል። ያ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ መንገዱ ተለወጠ ማለት ነው። የነርቭ ሕመም መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ደረጃውን በአንዴ ከመጨረስ ይልቅ በየፎቁ ማረፍ የሚረዱት እዚህ ላይ ነው። ምርኩዝ በሚያመው ጎን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ እንደሚያዝ እንኳ የሚነግር ጠፍቶ ስንቱ በተሳሳተው ጎን ይዞ ሲያነክስ አያለሁ። ያረፈ ሕመም በድንገት ሲብስ፣ ትኩሳት ሲመጣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ ግን መቻል የለም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ነው።

አሁንም ለአንዷ መዋጮ የምትሰበስቡ ትኖራላችሁ። የቀዶ ሕክምናውን ሂሳብ ስትደምሩ የፊዚዮቴራፒውንና የሦስተኛውን ወር ምርመራ ጨምሩበት። ዋትስአፑንም አትዝጉት። በሦስተኛው ወር ደውሉና «ተሻለሽ አይደል?» ሳይሆን «ያምሻል?» ብላችሁ ጠይቋት።