ጕልበትና ሞገስ

በአማርኛ ጕልበት፥ ብርታት፥ ሞገስ የሚባሉ ሦስት ቃሎች አሉ። ጕልበት የክንድ ነው፤ ብርታት የልብ ነው፤ ሞገስ ግን ሰው በሌሎች ዘንድ የሚያገኘው መወደድና መከበር ነው። ብዙ ልጆች በጕልበቱ የሚገፋውንና የሚጮኸውን ባለ ሞገስ ይሉታል። ይህ ስሕተት ነው።

ከነጌሌ ቦረና ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ ዱብሉቅ በሚባለው አገር፥ ቱላ የተባሉ ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች አሉ። በበጋ ከብቱ ሲጠማ ጐበዛዝት በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ይቆማሉ። ውሃውንም ከታች እየቀዱ፥ እየዘፈኑ፥ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ዘፈኑ የሁሉንም ክንድ በአንድነት ያስኬዳል። ከመካከላቸው አንዱ ጕልበቱን ለማሳየት ብቻውን ቢፈጥን ውሃው ይፈሳል፤ ቢሰንፍም የሁሉ ሥራ ይቆማል፤ ከብቱም እንደ ተጠማ ይቀራል።

ስለዚህ ጕልበት ብቻውን ሞገስ አይሆንም። ጕልበቱን ከጓደኞቹ ጋራ አስተካክሎ ለሌላው ጥቅም የሚያውል ሰው ግን ሳይጮኽ ይሰማል፤ ሳይገፋም ይከበራል።