የግድግዳችን ስንጥቅ

ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ ይረግፋል። በስንጥቁ ብርድ ይገባል፤ ትኋንም ይራባበታል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስንጥቁን ከመድፈናችን በፊት መጠየቅ ስላለብን ጥያቄ ነው። ስንጥቁ ከየት መጣ?

ስንጥቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቆመ ስንጥቅ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ይህ ብዙ አያሰጋም።

ሁለተኛው የሚሰፋ ስንጥቅ ነው። ቋሚው እንጨት በስብሷል፤ ወይም ምስጥ በልቶታል፤ ወይም የግድግዳውን ሥር ውሃ ሸርሽሮታል። ግድግዳው ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ይህኛው አንድ ሌሊት በተኛ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በላዩ ላይ ጭቃ ብንመርግበት ስንጥቁን መደበቅ ነው እንጂ መጠገን አይደለም።

ታዲያ በምን እንለያቸው? ከስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ስስ ጭቃ አቋርጣችሁ ለጥፉ። ጭቃው አሸዋ የበዛበት ይሁን፤ አለዚያ ራሱ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ያታልላችኋል። ሳይደርቅ ቀኑን በምስማር ጻፉበት፦ ጥቅምት 5። ከወር በኋላ ተመልከቱት። ጭቃው ለሁለት ከተከፈለ ግድግዳው እየሄደ ነው። ደኅና ከሆነም እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ እየተመለከታችሁ ቆዩ፤ ግድግዳ የሚፈተነው በዝናብ ነውና። እየሰፋ ከሆነ በዚያ በኩል ሰው አይተኛ። ቋሚውን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጉት። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ እንጨቱን መለወጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ስለ ጥገናው ደግሞ የራሳችንን ስሕተት እንንገራችሁ። ባረፍንበት ቤት የጓዳው ግድግዳ ረግፎ ነበር። እኛም ባለቤቲቱን ደስ እናሰኛለን ብለን ጠዋት አፈር በውሃ ለወስን፤ ከሰዓት በኋላ መረግን። እናታችን አይተውን ሳቁ። «ልጆቼ፣ ሊጥ ሳይቦካ ይጋገራል እንዴ?» አሉን። አልሰማናቸውም። በአራተኛው ቀን የመረግነው ሁሉ እንደ ቅርፊት ተላቆ ጓዳው ውስጥ ተዘረገፈ። ደግነቱ ማሰሮዎቹ አልተሰበሩም! ብዙ መጽሐፍ አገላብጠናል፤ ጭቃ ግን አቡክተን አናውቅም ነበር።

ሁለተኛውን ጊዜ እሳቸው አዘዙ፤ እኛ ታዘዝን። አፈሩ ተነፍቶ የጤፍ ጭድ ተጨመረበት። በእግር ተረገጠ። ከሳምንት በላይ ውሃ እየተጨመረ፣ እየተረገጠ ሰነበተ። ሽታው አፍንጫ ይይዛል፤ ግን ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃውን የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ያልበሰበሰው ጭድ ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ እንደ ክር ይይዘዋል። ዋልካ አፈር ከሆነ በጣም ስለሚኮማተር አሸዋ ይፈልጋል። ምን ያህል? ልክ የለውም። አሸዋውን አሳንሳችሁና አብዝታችሁ ሦስት ዓይነት ጭቃ ለውሱ፤ በጓሮ ግድግዳ ላይ ጥቂት ጥቂት ለጥፉ። ሲደርቅ ያልተሰነጠቀውንና በጣት ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጡ።

ከዚያ ግድግዳውን በቡጢ አንኳኳን። ድምፁ ባዶ የሆነውን ምርጊት ሁሉ አራገፍን። አቧራውን ጠረግን። ማታም ጠዋትም ውሃ ረጨንበት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ በአንድ ጊዜ ይመጠዋል፤ ያን ጊዜ ጭቃው ሳይጣበቅ ይደርቃል። የእኛ ምርጊት የወደቀው አንድም በዚህ ነው። ጭቃውን በእጅ በኃይል ወረወርንበት፤ ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ እንዲሆን በጣት ጫርነው። ጥልቁን ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አልሞላነውም። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛው ተደረበ። በመጨረሻ በተነፋ አፈርና በእበት ተለሰነ።

አንዳንድ ሰው «ሲሚንቶ ይሻላል» ይላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ አይሻልም። ሲሚንቶ ደረቅና ግትር ነው፤ ጭቃ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። በግ ሸጦ ሲሚንቶ የገዛ አንድ ጎረቤት በሁለተኛው ክረምት ሲሚንቶውን ከመሬት ለቅሟል። ገንዘብ ካላችሁ ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ካቡበት። ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ ወደ ግድግዳው እንዳይረጭም ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ወደ ታች ምሩት።

ለምርጊት የሚሆነውን አፈር ከቤቱ ጥግ አትቆፍሩ። ራቅ በሉ፤ ጉድጓዱንም መልሳችሁ ሙሉት። ክረምት ሲመጣ ውሃ ያቁራል፤ ሕፃናትም ይገቡበታል።