ቦይለር ወይስ ኮርኒስ?

ውድ የመተማ ዮሐንስ ነዋሪዎች፣ ይልቁንም ቤት የምናከራይ ወገኖች፤

ሰሞኑን አንዳንዶቻችን ኪራይ ከፍ ለማድረግ ስንል በምናከራየው ቤት ቦይለር ለማስገባት እየተማከርን ነው። ለመሆኑ ለማን? ጎንደር ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድ አለ፣ ያስፈልጋታል። የኛ ከተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ላይ ከዋለ ታንከር የሚወርደው ውሃ፣ እንኳን ሊታጠቡበት እጅም አያስነካ!

ሒሳቡም ይታይ። 1 ሺህ 500 ዋት ቦይለር በ1 ሰዓት የሚበላው መብራት 75 ዋት ማራገቢያ 20 ሰዓት ያዞራል። መራጩ አከራይ፣ ከፋዩ ግን ተከራይ ነው። የምድር ሽቦ በሌለው ቤት ደግሞ ሕይወትም ያስከፍላል።

እኔም አከራይ ነኝ። ነገሩ የገባኝ አንዲት አስተማሪ ተከራዬ፣ «ጋሼ፣ ሙቅ ውሃስ ሞልቷል፤ ሌሊት የሚያስተኛ ቤት ነው ያጣሁት» ብላ ስትለቅብኝ ነው።

ስለዚህ ገንዘባችንን ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ለማስመታት፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ትይዩ መስኮት ለማውጣት፣ ለታንከሩም ዳስ ለመጣል እናውለው። ለአራስና ለሕመምተኛ የሚሆን ሙቅ ውሃ ከከሰል ምድጃ አይጠፋም። እንቅልፍ የነሳ ቤት ግን ተከራይ አያቆይም።